ላፕቶፕ ስንገዛ የማንለካው መለኪያ

በአገራችን ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው ቁጥር ነው። ራሙ ስንት ጊጋ ባይት ነው? ሃርድ ዲስኩ ምን ያህል ይይዛል? ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው? ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ሻጩም ያለ ማመንታት በቁጥር ይመልሳል፤ ቁጥሩ የበለጠው ዕቃም የተሻለ ዕቃ ተብሎ ይወሰዳል። ከቁልፍ ሰሌዳው ግርጌ ተዘርግቶ ቀኑን ሙሉ ጣታችን የሚመላለስበትን ጠፍጣፋ ገጽ ግን «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚፈትሽ ገዢ፣ በአምቦም ሆነ በአዲስ አበባ፣ እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ገጽ ትራክፓድ ወይም ታችፓድ ይባላል። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ስሙን ያገኘው ከታች በመቀመጡ ይመስላቸዋል፤ ቃሉ ግን መንካት የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው። እኔ በበኩሌ የተማሪዎቹን ፍቺ እወደዋለሁ፤ በግምታችን ውስጥ በእርግጥም ታች ያደረግነው ዕቃ ነውና።

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። ታችፓድ የመለኪያ መሣሪያ ነው። በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የጣታችንን ቦታ የሚለካ፣ የሚሳሳት፣ የሚረበሽ መለኪያ ነው። እንደ ማንኛውም መለኪያም ሊፈተን ይገባል፤ ለመፈተንም ውድ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ጉዳዩ ቅንጦት ለሚመስለው አንባቢ አንድ ነገር ላስታውስ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ከለውጡ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የላፕቶፕ ዋጋም ከዶላሩ ጋር ወጣ። ስለሆነም ዛሬ አንድ ላፕቶፕ የመምህሩን የወራት ደመወዝ ይጠይቃል፤ የተማሪውን አባት ደግሞ በሬ ያስሸጣል። እንዲህ ተገዝቶም አምስትና ስድስት ዓመት ማገልገል ይጠበቅበታል። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ራም መጨመርና ሃርድ ዲስክ መለወጥ ይቻላል፤ መጥፎ ሆኖ የተሠራ ታችፓድ ግን ቢለወጥም የሚተካው በዚያው ዓይነት ነው። በብዙ ሱቆች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያም መዘንጋት አይገባም። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል፣ ሰዎች ላፕቶፕ ገዝተው ለቀናት ከሞከሩ በኋላ አልተስማማንም ብለው ሲመልሱ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ዕድል የሌለው ገዢ ሙከራውን ከክፍያው በፊት መጨረስ ይኖርበታል።

«ማውስ ገዝቶ መገላገል ነው» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ጠረጴዛ ላላቸው ሰዎች እውነታቸውን ነው፤ ማውስ ርካሽ ነው፤ ለረዥም የሥዕልና የሰንጠረዥ ሥራም ከብዙ ታችፓዶች ይሻላል። ነገር ግን የተማሪ ላፕቶፕ የሚሠራው የት ነው? በማደሪያ ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ፣ በጉልበት ላይ፣ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚጓዝ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቦታ በጠበበበት የቤተ መጻሕፍት ጥግ ነው። ላፕቶፕ የተፈለገው ጠረጴዛ ስለሌለ ሆኖ ሳለ፣ ለማውሱ ሲባል ጠረጴዛ መፈለግ እንግዳ ነገር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ከታችፓዱ ስስ ሽፋን ሥር ቋሚና አግዳሚ የሆኑ የብረት መስመሮች እንደ ወንፊት ተነጣጥፈዋል፤ ሆኖም ቋሚዎቹ አግዳሚዎቹን አይነኩም። ሁለት አስተላላፊዎች ሳይነካኩ በተቀራረቡበት ቦታ ሁሉ ካፓሲተር ይፈጠራል። በመሆኑም እያንዳንዱ መገናኛ አንድ እጅግ ትንሽ ካፓሲተር ነው። የሰው አካል ጨው የሟሟበት ውኃ የሞላበት ስለሆነ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ጣት ወደ መገናኛው ሲቀርብ ከኤሌክትሪክ መስኩ ከፊሉን ወደ ራሱ ይስባል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስም ይቀንሳል። ለውጡ ከአንድ ፒኮፋራድ፣ ማለትም ከአንድ ፋራድ ትሪሊዮንኛ፣ ያንሳል። በፈተና ላይ «ፒኮፋራድ ምን ያደርግልናል?» ብለው የሚጠይቁ ተማሪዎች በየቀኑ በጣታቸው ሲያዝዙት ይውላሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። መስመሮቹ እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በሚሊሜትሮች ሆኖ ሳለ፣ ጥሩ ታችፓድ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ የጣት እንቅስቃሴ ይለያል። እንዴት? ምሥጢሩ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው የክብደት ማዕከል ስሌት ነው። ጣት ወፍራም ስለሆነ በአንድ ጊዜ በርካታ መስመሮችን ይነካካል። በ0፣ በ5 እና በ10 ሚሊሜትር ላይ ያሉ ሦስት መስመሮች በቅደም ተከተል 20፣ 60 እና 20 የሚል ንባብ ቢሰጡ የጣቱ ማዕከል 5 ሚሊሜትር ላይ ነው። ንባቡ ወደ 18፣ 60 እና 22 ቢለወጥ ማዕከሉ 5.2 ይሆናል። ካልኩሌተር የያዘ ይሞክረው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በንባቡ ላይ የመጣው የ2 መቶኛ ያህል ለውጥ ጠቋሚውን ቀስት በ0.2 ሚሊሜትር አንቀሳቀሰው። ያ ለውጥ ከጣት ሳይሆን ከውጭ ረብሻ የመጣ ቢሆን ኖሮ ቀስቱ ያለ ምክንያት በተንቀጠቀጠ ነበር። የመልካምና የመጥፎ ታችፓድ ልዩነት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው፦ ረብሻን ከጣት የመለየት ችሎታ።

ዛሬ ታችፓድ የሌለው ላፕቶፕ ማሰብ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን የቅርብ ጊዜ ነው። ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ለፊት ሰፍቶ የተቀመጠውን ዓይነት ታችፓድ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የአፕል ፓወርቡክ 500 ነው። ታችፓድ በመሥራት የታወቀው ሲናፕቲክስ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመሠረት ሥራው የአንጎልን ነርቮች የሚመስሉ ዑደቶችን ማጥናት ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ፌዴሪኮ ፋጂን የመጀመሪያውን የኢንቴል ማይክሮፕሮሰሰር ከነደፉት ሰዎች አንዱ ነው። በፕሮሰሰር ታሪክ ትልቅ ስም ያለው ሰው ኋላ ወደ ጣት ጉዳይ መግባቱ፣ ስለ ፕሮሰሰር ብቻ ለምንጠይቀው ለእኛ የሚነግረን ነገር ያለ ይመስለኛል።

ታችፓድ ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ኢትዮጵያ ራሷ ያየችው ምሳሌ አለ። «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ ያዘጋጃቸው፣ ነጭና አረንጓዴ ቀለም ያላቸው ኤክስኦ የተሰኙ ላፕቶፖች፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 ሺህ ገደማ ወደ አገራችን ገብተው ለትምህርት ቤት ልጆች ተሰጥተው ነበር። መሣሪያው በብዙ መልኩ የሚደነቅ ነበር። ስክሪኑ በጠራራ ፀሐይ ይነበባል፤ የቁልፍ ሰሌዳው አቧራና ውኃ እንዳያስገባ በጎማ ተሸፍኗል፤ የሚጠቀመውም ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ንድፍ አውጪዎቹ ስለ ገጠር ልጅ ኑሮ በእርግጥ አስበዋል። በታችፓዱ ላይ ግን ሁለት መለኪያዎችን በአንድ ገጽ ለማስቀመጥ ፈለጉ፤ መካከሉ ጣትን በካፓሲታንስ እንዲለካ፣ ሙሉው ስፋት ደግሞ ለመጻፊያና ለመሣያ የሚሆን የብዕር ጫናን እንዲለካ። ውጤቱ ጠቋሚው ቀስት ድንገት ከስክሪኑ አንድ ጥግ ወደ ሌላው የሚዘልበት መሣሪያ ሆነ። እርጥበትና የላበ ጣት ንባቡን ያዛቡታል፤ መሣሪያውም ራሱን እንደገና ለማስተካከል ሲሞክር ይበልጥ ይሳሳታል። መፍትሔ ተብሎ የተነገረው በቁልፍ ሰሌዳው አራት ማዕዘኖች ያሉትን አራት ቁልፎች በአንድ ጊዜ በመጫን ታችፓዱን ዳግም ማስተካከል ነበር። ለአንድ የ8 ዓመት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በኋላ በተመረቱት ላይ በተራው ዓይነት ታችፓድ ተተካ። ያን ያህል የታሰበበት ማሽን የተሰናከለው ጣት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ሌላ ሙከራ ይዞ ተመለሰ፤ ይህኛው ደግሞ ለእኛ ሰፈር የቀረበ ነው። ሞቶሮላ ዙም የተባሉ ታብሌቶች ከነሣጥናቸው፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ፣ በሁለት መንደሮች ላሉ 40 ያህል ልጆች ተሰጡ። አንደኛው መንደር በስምጥ ሸለቆ ያለው ወለንጪቲ ነው፤ ሁለተኛው ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ በምናገኘው በወንጪ፣ በእሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ያለ መንደር ነው። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ኮምፒዩተር አይተው የማያውቁት ልጆች በደቂቃዎች ውስጥ ሣጥኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በቀናት ውስጥ በርካታ ፕሮግራሞችን ይከፍቱ ጀመር። ልጆች በዚህ መንገድ ብቻ ማንበብ ይማራሉ የሚለውን ተስፋ እኔ አልተቀበልኩትም፤ መምህር ነኝና ለወገኔ ማድላቴ ይሁን። ስለ ጣት ግን ሙከራው እውነት ተናግሯል። ስክሪን መንካት ትምህርት አይፈልግም፤ ዓይን የሚያየውና እጅ የሚነካው አንድ ቦታ ነውና።

ታዲያ ሁሉም ነገር በስክሪን ንክኪ ለምን አይሠራም? የጣት ጫፍ ስፋት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሰንጠረዥ አንድ ረድፍ ከዚያ በግማሽ ያንሳል፤ ጣቱም ሊነካው የፈለገውን ነገር ራሱ ይሸፍነዋል። ክንድ በአየር ላይ ተዘርግቶ ለሰዓት ሲሠራም ይዝላል። ስለዚህ ሪፖርት የሚጽፍ፣ ዳታ የሚያጠናቅር፣ ፈተና የሚያወጣ ሰው ዓይኑ በአንድ ቦታ እጁ በሌላ ቦታ ሆኖ መሥራት ግድ ይለዋል። የወንጪ ልጆች በነፃ ያገኙትን የዓይንና የእጅ አንድነት በርቀት መልሶ መስጠት የታችፓድ ኃላፊነት ነው። ጥሩ ሲሆን መኖሩ ይረሳል።

በአገራችን ስለ ታችፓድ ከሚሰማው ቅሬታ ብዙውን ድርሻ የሚይዘው ግን ከታችፓዱ የማይመጣ ነው። «ቻርጀር ስሰካ ቀስቱ ይጨፍራል፤ ስነቅል ይተኛል» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማ የአይሲቲ ባለሙያ የለም። ምክንያቱ ይህ ነው። በቻርጀሩ ውስጥ ረብሻን ለማፈን ሲባል በ220 ቮልቱ ወገንና በላፕቶፑ ወገን መካከል አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ትቀመጣለች። የቤቱ ሶኬት የመሬት መስመር ካለው ችግር የለም። በብዙ ቤቶችና በብዙ ርካሽ ዲቫይደሮች ግን የመሬት መስመሩ ወይ አልተዘረጋም ወይ ተቆርጧል። ያን ጊዜ የላፕቶፑ አካል በዚያች ካፓሲተር በኩል ከመስመሩ ቮልቴጅ እስከ ግማሽ ያህል፣ ወደ 110 ቮልት፣ ይዞ ይዋልላል። የሚያልፈው ከረንት የሚሊአምፒር ክፍልፋይ በመሆኑ ቻርጀሩ ደኅና እስከሆነ ድረስ አይጎዳም፤ ነገር ግን ብረት ገላ ያለው ላፕቶፕ የነካ ሰው «ነዘረኝ» የሚለው ይህን ነው። ታችፓዱ ደግሞ ጣትን የሚለካው የራሱን አካል መነሻ አድርጎ ስለሆነ፣ መነሻው ራሱ ሲናወጥ ልኩ ይናወጣል። ወንዙ ላይ በምትዋዥቅ ታንኳ ተቀምጦ የዳርቻውን ዛፍ እንደ መለካት ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በሌላኛው እጅ የላፕቶፑን ብረት መንካት። ቀስቱ ከተረጋጋ ጥፋቱ የመሬት መስመሩ ወይም የቻርጀሩ ነው፤ ላፕቶፑን ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት ኤሌክትሪሺያን መጥራት፣ አስመስሎ የተሠራውንም ቻርጀር መለወጥ ይቀድማል።

ሁለት የመካኒክስ ነጥቦችን በአጭሩ ልጨምር። አብዛኞቹ ታችፓዶች በላይኛው ጠርዝ ታጥፈው በታችኛው ጠርዝ የሚጫኑ መፈንቅሎች ናቸው። ገጹ ቁመቱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ታችኛው ጠርዝ ላይ ለመጫን 0.6 ኒውተን ቢበቃ፣ መካከሉ ላይ 1.2 ኒውተን፣ ከላይኛው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ 3.6 ኒውተን ያስፈልጋል። አንድ ሰው በቀን ሺህ ጊዜ ሲጫን ልዩነቱ በአንጓው ላይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ አፕል ያስለመደው፣ ገጹ ሳይንቀሳቀስ በኤሌክትሮማግኔት ንዝረት የተጫነ የሚያስመስለው ዓይነት ይህን ችግር ያስወግዳል፤ ዋጋው ግን የእኛን ተማሪ አይመለከትም። ሁለተኛው ሰበቃ ነው። የቆመ ጣትን ለማስነሣት የሚያስፈልገው ኃይል የተንቀሳቀሰውን ለማስቀጠል ከሚያስፈልገው ይበልጣል፤ ስለዚህ በሻካራ ወይም በሚያጣብቅ ገጽ ላይ ጣት ይያዛል፣ ከዚያ በድንገት ይስፈነጠራል፤ ቀስቱም ዒላማውን ያልፋል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የፕላስቲኩ ታችፓድ መካከል ተፍቆ የሚያብለጨልጭ መሆኑን ይመልከት። ማብለጭለጩ ለጣት መልካም ምልክት አይደለም፤ የለሰለሰ ፕላስቲክ ጣትን ይበልጥ ይይዛልና።

አንድ የራሳችን ጉዳይም አለ። በፓወር ግዕዝም ሆነ በሌሎች የተለመዱ ፕሮግራሞች አማርኛ ስንጽፍ አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ ቁልፍ መምታትን ይጠይቃል። መዳፋችን በታችፓዱ ላይ የሚያንዣብብበት ጊዜም በዚያው መጠን ይረዝማል። መዳፍን ከጣት መለየት የማይችል ታችፓድ መዳፉን ጣት ብሎ ይወስደዋል፤ መጻፊያው ሳናውቅ ወደ ሌላ መስመር ይዘላል፤ ቀና ስንል አንቀጹ በሌላ አንቀጽ ሆድ ውስጥ ተሰንቅሮ እናገኘዋለን። ስለዚህ በሱቁ ውስጥ ስንሞክር የምንጽፈው አማርኛ ይሁን፤ ቢያንስ አንድ ገጽ፣ ሳናቋርጥ።

የቀረው ሙከራም ከዚያ አይከብድም። በፔይንት ፕሮግራም፣ ጣትን በማስመሪያ ጠርዝ እየመሩ፣ አግድመት የሚያዘነብል መስመር በዝግታ ማስመር፤ መስመሩ እንደ ደረጃ ከተሰባበረ የማዕከል ስሌቱ ደካማ ነው። ጣትን አሳርፎ እስከ 10 መቁጠር፤ ቀስቱ መንቀሳቀስ የለበትም። ይህንኑ ቻርጀር ተሰክቶም ተነቅሎም መድገም። የመጫኑን ኃይል ለመለካት ምስር በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ ላጲስ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል፤ 100 ግራም ምስር አንድ ኒውተን ገደማ ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። በመጨረሻም ላፕቶፑን ዘግቶ ከጎን ማየት ያስፈልጋል። በብዙ ላፕቶፖች ባትሪው የሚቀመጠው ከታችፓዱ ሥር ስለሆነ፣ ገጹ ወደ ላይ ያበጠ ወይም መጫን እምቢ ያለ ከሆነ የታመመው ባትሪው ሊሆን ይችላል። ያበጠ የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል እንዲህ ያለውን አለመግዛት ብቻ ሳይሆን፣ በቤት ያለንም ቢሆን ቻርጅ ማድረጉን ማቆምና ለባለሙያ መስጠት ይገባል።

ግለሰብ በዚህ መንገድ ራሱን ይረዳል። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን በጅምላ የሚገዛው ነው። በጨረታ አሠራራችን የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፤ መስፈርቱ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ለኮሚቴው እንደሌለ ይቆጠራል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት በዚህ ሥርዓት በርከት ያሉ ላፕቶፖች ገዝቶ ነበር። ራማቸውም፣ ፕሮሰሰራቸውም፣ ሃርድ ዲስካቸውም እንደ ወረቀቱ ነበሩ፤ ኮሚቴውም በትክክል ተረክቧቸዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከእያንዳንዱ ጋር ማውስ ተገዛ፤ ሠራተኞቹም ላፕቶፖቹን ከጠረጴዛ ማንሣት አቆሙ። በላፕቶፕ ዋጋ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ኮምፒዩተር ተገዛ ማለት ነው። በሕጉ መሠረት ያጠፋ ማንም የለም።

«ታችፓዱ ጥሩ ይሁን» ብሎ መጻፍ መስፈርት አይሆንም፤ ተጫራቹ ሁሉ ጥሩ ነው ይላልና። የሚለካ ቃል ያስፈልጋል። ለምሳሌ፦ የታችፓዱ ስፋት ከ10 በ6 ሴንቲ ሜትር የማያንስ፤ በመካከሉ ላይ ለመጫን ከ1.5 ኒውተን የማይበልጥ ኃይል የሚጠይቅ፤ ቻርጀር ተሰክቶ ጣት ለ10 ሴኮንድ ሲያርፍበት ቀስቱ የማይንቀሳቀስ፤ አንድ ገጽ አማርኛ ሲጻፍበት መጻፊያው አንድም ጊዜ የማይዘልል፤ ይህም በቀረበው ናሙና ላይ ከውለታ በፊት የሚፈተን። ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ የተሻለ ቁጥር የሚያመጣ ካለ ደስ ይለኛል። ለዚህም ነው በቀጣዩ ሴሚስተር የሁለተኛ ዓመት የላቦራቶሪ ተማሪዎች ከስፕሪንግና ከፔንዱለም በተጨማሪ የማደሪያ ጓደኞቻቸውን ላፕቶፖች በማስመሪያና በምስር እንዲለኩ፣ የየሞዴሉን ውጤትም ከነስሕተት ወሰኑ በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያሰፍሩ ያሰብኩት። ሰንጠረዡ በትምህርት ክፍሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ቅጂም ለግዥ ክፍል ይላካል።